የእትየ ዘሃራ ጀሪካን

ወልድያ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ዛሬ ቧንቧው አየር ሲተፋ የእርጥብ ዝገት ሽታው መርሳ ገጠር ያለውን የልጅነቴን ምንጭ አስታወሰኝ።

አንድ ዕለት እናቴ ወልዳ፣ ቤታችን ጠብታ ውሃ አልነበረም። በበጋ የቀጠነውን ምንጭ ሴቶች ከበውታል። ወደ ፊት ስጠጋ አንዷ፣ «ተሰለፊ! አንቺ ብቻ ነሽ የጠማሽ?» አለችኝ።

«እናቴ ወልዳለች» አልኳት።

ጎረቤታችን እትየ ዘሃራ ገና ቀድተው መጨረሳቸው ነበር። «ማርያም የማረቻትን እኛ በውሃ ጥም ልንቀጣት ነው? ወላሂ አይሆንም!» ብለው የሞላ ጀሪካናቸውን አሸከሙኝ፤ ባዶዬን ይዘው ወረፋው መጨረሻ ቆሙ።

እናቴ ጠጥታ ፈጣሪዋን አመሰገነች። የሆነውን ስነግራት፣ «እሳቸውስ ይደርሳቸው ይሆን?» አለች።

ውሃው ደርሷቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ውሃ በመጣ ቁጥር ግን እትየ ዘሃራን በጸሎቴ አነሳለሁ።