ስም ሳትጠሩ ንገሩኝ

ባልና ሚስት ማስታረቅ አስተምር ነበር። ዛሬ ይህን ስናገር ራሴን ይቀፈኛል፤ ያኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ነበር የምናገረው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ ስለ ትዳር የማውቀው ከመጽሐፍ ያነበብኩትንና የእናትና የአባቴን ኩርፊያ ብቻ ነው። አምስት ኪሎ አጠገብ ያለው መሥሪያ ቤቴ የዶሮ ማነቂያ ሰዎች የመረጧቸውን ዘጠኝ አስታራቂዎች አሠልጥኚ፣ ሥራቸውንም ተከታተዪ ብሎ ላከኝ። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ የባልና ሚስት ጠብ ሰልችቶት ነበር፤ ፍቺ ላይ ከመድረሱ በፊት ቤት ለቤት ሄደው ነገር የሚያበርዱ ሰዎች ይኑሩ ተባለ።

የምንሰበሰበው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። የግድግዳው ባለ አበባ ወረቀት በእርጥበት ተልጦ ተንጠልጥሏል። ወለሉ ላይ ለቁንጫ እየተባለ ነጭ ጋዝ ይረጭበታል፤ ቁንጫው ግን አልሄደም፣ ሽታው ብቻ ቀረ። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር እናሰማና እንቀመጣለን። ከዘጠኙ ግማሾቹ የመጡት ለሠልጣኝ ስኳር ቶሎ ይደርሰዋል ስለተባለ ነው። ቆሎ በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ። የሰው ትዳር ሲፈርስ እየሰሙ ቆሎ ሲቆረጥሙ ያ ድምፅ ጥርሴ ሥር ይገባ ነበር። የሸንጎው ሊቀ መንበር ሠልጣኝ አልነበረም፤ ነገር ግን አንድም ሐሙስ አይቀርም። ከፊት ወንበር ተንጋሎ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ያዳምጣል፣ የጎረጎረውን መልሶ ይውጠዋል። እሱን ላለማየት ስል ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው የማስተምረው።

ከሠልጣኞቹ መካከል አንዲት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ነበሩ። አፍንጮ በር ተወልደው ዶሮ ማነቂያ የተዳሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው። ሥልጠና የሚባል ነገር ሳይመጣ ነው ሲያስታርቁ የኖሩት፤ እናታቸውም አስታራቂ ነበሩ። ባልን ለብቻ፣ ሚስትን ለብቻ ይሰማሉ። ከዚህ የሰሙትን እዚያ አያደርሱም። አንድ ቀን ይህን ያህል ምስጢር እንዴት እንደሚችሉት ብጠይቃቸው፣ “ምን መቻል አለው ልጄ፣ የሰማሁትን ይዤው እቀበራለሁ” አሉኝ።

የእኔ ዘዴ ሌላ ነበር። በየሳምንቱ አንዱ ሠልጣኝ የያዘውን ጠብ ለሁላችን ያወራል፣ እንወያይበታለን፣ እኔ አርማለሁ። መጽሐፉ እንደዚያ ይላል። ጥንቃቄ ማድረጌም ነበር፤ “ስም ሳትጠሩ ንገሩኝ፣ የቤት ቁጥርም አታንሱ” እላለሁ። ያ የሚበቃ መስሎኝ! መጽሐፉን የጻፈው ሰው ዶሮ ማነቂያን አያውቃትም። እዚያ የአንዱ ቤት ግድግዳ የሌላውም ግድግዳ ነው፤ እዚህ ስታስነጥስ ከወዲያ ቤት “ይማርህ” ትባላለህ። እኔ ግን እዚያው ፒያሳ ያደግኩ ሰው ሆኜ፣ ይህን እያወቅኩ፣ መጽሐፉን አመንኩ።

እማማ ሦስት ሐሙስ ሙሉ አልናገርም አሉ። “እኔ ጋ ያሉት ታርቀዋል” ይላሉ፣ ያልፋሉ። በሦስተኛው ሐሙስ ሊቀ መንበሩ ክብሪቱን ከአፉ አውጥቶ፣ “እኚህ እናት ከኋላ ቀር አሠራር አልተላቀቁም፣ ግለ ሂስ ያድርጉ” አለ። ላስቆመው ይገባ ነበር። እኔ ግን የክትትል ደብተሬን ገልጬ፣ ስለ እሳቸው “ለመማር ፈቃደኛ አይደሉም” ብዬ የጻፍኩትን በሁሉም ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩ። ልጃቸው በምሆን ዕድሜ! እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው መሬት መሬት አዩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ተናገሩ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር።

“አንዲት ሴት አለች። ሁለት ልጅ ቀብራለች። ሦስተኛው ሲወርድ ደሟ አልቆም ብሎ ከሞት ነው የተመለሰች። ሐኪሙ ዳግመኛ ካረገዝሽ አትተርፊም ብሏታል። ባሏ ደግሞ ልጅ ልጅ ይላል። እናቱ ሚስትህ ሾተላይ ናት፣ ፍታት እያሉ ይወተውቱታል። እሷ ክኒን ትውጣለች፣ እሱ አያውቅም። ቢያውቅ የሚፈታት ይመስላታል። በወጥ ነው የሚጣሉት፣ በማምሸት ነው የሚጣሉት፣ ጠቡ ግን ይኼ ነው። እሷን ሳላጋልጥ ሐኪሙ ያላትን ለሱ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?”

ቆሎው እንኳ ቆመ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው የማስታረቅ ጥያቄዎች ሁሉ የበለጠው ያ ነበር። መልሱን መፈለግ ነበረብኝ፤ ለዚህ ነበር ደመወዝ የሚከፈለኝ። እኔ ግን ምን ብዬ ጠየቅኳቸው?

“ክኒኑን የት ነው የምትደብቀው?”

“እሱ ይቅር፣ ልጄ።”

“ዝርዝሩ ነው እማማ ትምህርቱ።”

ውሸቴን ነው። ለትምህርት አልነበረም፣ መስማት አምሮኝ ነው። እማማ በሩን አየት አድርገው፣ “በካፖርቱ ገበር ውስጥ። የባሏ። ተርትራ መልሳ ትሰፋዋለች” አሉ።

ሊቀ መንበሩ የማን ቤት ወሬ እንደሆነ ቀድሞ ገምቶት ኖሯል። “አቤት! የሰው ገበር ሲገለብጥ እየዋለ የራሱን ሳያይ!” አለ።

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። ቀድሜ የሳቅኩትም እኔ ነበርኩ። ሳቁ ሲያልቅ ባልየው ልብስ ሰፊ መሆኑን የማያውቅ በቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ክረምት ከበጋ ካፖርት የማያወልቅ ልብስ ሰፊ ደግሞ በሰፈሩ አንድ ነው። እማማ ብቻ አልሳቁም። ተነሥተው ወጡ። እኔም በደብተሬ ላይ “ጥሩ መሻሻል አሳይተዋል” ብዬ ጻፍኩ።

ወሬው አርብ ጠዋት ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ደረሰ። ቅዳሜ አንዱ የአራዳ ልጅ ነኝ ባይ ፒያሳ ከሰውየው የስፌት መኪና ፊት ኮቱን ዘርግቶ፣ “ገበሩን ፈትሽልኝማ፣ ክኒን እንዳይኖርበት” አለው። ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ገባ፣ ካፖርቱን አውልቆ ሚስቱ ፊት ገበሩን በምላጭ ተረተረው። አልመታትም። ፍራሿንና ሣጥኗን አውጥቶ ደጅ አስቀመጠላት። እናቱ በር ላይ ቆመው እልል አሉ ይባላል። ይህን ስሰማ እልልታው ለእኔ የተባለ መሰለኝ።

የሚቀጥለው ሐሙስ እማማ አልመጡም። ሊቀ መንበሩ ግን ደስ ብሎት ነበር። “በሥልጠናው ምክንያት የተደበቀ ችግር ተጋለጠ” ብሎ ቃለ ጉባኤ አስያዘ። አለቃዬም ለሌሎች ቀበሌዎች ምሳሌ ይሆናል፣ ጻፊው አለኝ። ጻፍኩት። ሁለት ገጽ፣ ስም ሳልጠራ። ተመሰገንኩበት። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ብዙ ጊዜ ተመስግኛለሁ፤ እንደዚያ ቀን ምስጋና የሸተተኝ ግን የለም።

ከስብሰባው በኋላ ክትትል ሥራዬ ነውና እማማን ለምን እንደቀሩ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ቁጭ በይም አላሉኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ሴትየዋ ወደተጠጋችበት የአክስቷ ቤት ወደ አፍንጮ በር ሄደው ኖሯል። ድንጋዩን ከትከሻቸው ሳያወርዱ በሯ ላይ ተንበርክከው ይቅር በይኝ ብለዋታል። እሷም እያለቀሰች ድንጋዩን በእጇ አውርዳላቸዋለች።

“እኔ ማስታረቅ ከእናቴ ተምሬያለሁ” አሉኝ። “ካንቺ የተማርኩት ማውራት ነው። አሁን አንቺም ድንጋይሽን ፈልጊና ሂጂ።”

አልሄድኩም። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ አልኩ ለራሴ፤ የተማርኩ ነኝ፣ ድንጋይ ተሸክሜ በአምስት ኪሎ ባልፍ ማን ምን ይለኛል አልኩ። ቀን በቀን ነገ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ዓቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሴትየዋ ራሷ መሥሪያ ቤቴ መጣች። አይቻት አላውቅም፤ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ከስታ ዓይኗ ብቻ የቀረ ሴት። ማን መሆኗን ስትነግረኝ ተነሥቼ ወንበር ሳብኩላት።

“አልቀመጥም” አለች። “አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። የእኔ ነገር የተወራ ዕለት፣ እርስዎ ስቀዋል?”

“እኔ?” አልኩ። “በእንዲህ ያለ ነገር ማን ይስቃል? ኧረ አልሳቅኩም!”

ቁጣ አልነበረባትም፣ የደከማት ነው የምትመስለው።

“እማማ ድንጋይ ተሸክመው የመጡ ዕለት ሁሉንም ነግረውኛል” አለች። “መጀመሪያ የሳቀችው አስተማሪዋ ናት ብለውኛል። ጾሙን ቂም ይዤ አልጀምርም ብዬ፣ አዎ ቢሉኝ ይቅር ልልዎ ነበር የመጣሁት።”

ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች። ተከትያት አልወጣሁም።