አባቴ ጀርባቸውን ያልሰጡት ሐኪም

ከዚህ በፊት ከስሜ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ካላደረግሁ ሰላምታ እንኳ አይወጣኝም። ወረቀት ግን ቀና ብሎ አያይም፤ እስቲ ልሞክር።

ጀርባ የሚባለው ቃል በእኛ ቤት እንደ ልብ አይጠራም ነበር። የአህያ ጀርባ ይገጠባል፤ ይህን ማንም ይናገራል። የሰው ሲሆን ግን የታመመው ከትከሻ በታችም ይሁን መሐል አከርካሪ፣ «ወገቤን» ነው የሚባለው። ጀርባ የሚሰጥ እንጂ የሚታመም ነገር አይደለም። የሸሸ ለጠላቱ ይሰጣል፤ ባለጌ ደግሞ ለታላቁ። እኛ ልጆች ከአባታችን ፊት የምንወጣው ፊታችንን ወደ እሳቸው እንዳደረግን፣ ወደ ኋላ እየተራመድን ነበር። የቤታችንን ደፍ የምናውቀው በተረከዛችን ነው።

አባቴ ሣር ቤት የሚከድኑ ሰው ነበሩ። ጣልያን ከመግባቱ በፊት ከጣራ ወድቀው አከርካሪያቸው መሐሉ ላይ ተጣሞ ቀርቷል። ልብሳቸው ካልተገለጠ ግን አይታወቅባቸውም፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ጣልያን ለመንገድ ሥራ የሰፈራችንን የኮልፌን ወንዶች ድንጋይ ሊያሸክም ሲጠራ እናቴ አለቀሰች። አንድ ቀን ከተሸከሙ ዳግመኛ እንደማይነሡ ታውቃለች። በሽተኛ በሐኪም ታይቶ ይለቀቃል መባሉን ስትሰማ፣ ይሂዱና ይታዩ እያለች ወተወተቻቸው። በመጨረሻ እሺ አሉ፤ ሕመሙ ወገብ እንዲባልላቸው ብቻ አስጠንቅቀው።

የሐኪሙ ድንኳን የተተከለው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወዲህ ያለው ሜዳ ላይ ነው። አስተርጓሚው በዚያን ቀን ታሞ ቀርቷል። እኔ ከጣልያን መነኩሲቶች ትምህርት ቤት የለቃቀምኳት ቋንቋ ስላለችኝ አባቴን ተከትዬ ገባሁ።

ሐኪሙ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልብሳቸውን አውልቀው ይዙሩ አለ። አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው። አባቴ ጋቢያቸውን ብቻ አወረዱ፤ ሐኪሙን ከላይ እስከ ታች አዩትና ቀስ ብለው፣

«እንግዳ ከሆነ ነውር ነው፤ ጠላት ከሆነ ሽሽት ነው። የትኛው ነኝ ይላል?» አሉኝ።

ይህን ወደ ጣልያንኛ የሚመልስ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል አልተሰጠንም።

ሐኪሙ ተነሥቶ በኋላቸው ሊዞር ሄደ። አባቴም በትሕትና ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። በሌላው በኩል መጣ፤ በዚያም ጠበቁት። ሁለቱ እንደ አውድማ በሬ ሲዞሩ፣ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በድንኳኑ በር አሾልቀው ያያሉ። አንዱማ «ጋሼ፣ በግራ ይጠብቁት፤ በግራ ነው የሚመጣው» እያለ ይመክራቸው ጀመር።

ሐኪሙ ራሱን አዞረውና ተመልሶ ዱካው ላይ ተቀመጠ። እየሳቀ «ሳኖ» አለ። ጤነኛ ነው ማለቱ ነው። እንዲህ የሚሽከረከር ሰው ነገ ጧት ድንጋይ ይሸከማል አለ። መድኃኒት ያቃተውን ወገብ የአባቴ ጨዋነት በአንድ አፍታ ፈወሰው።

አባቴ ምን አለ ብለው ሲጠይቁኝ የነገው ጧት ታየኝ። ሐኪሙን እባክህ ልለው አፌን ስከፍት ከማውቃቸው ቃላት አንዱም አልመጣ አለ። አባቴ ዝምታዬን በደኅና ተረጐሙት መሰለኝ፤ ጋቢያቸውን ደርበው እጅ ነሡ። ከዚያም እንደ ወጉ፣ ፊታቸውን ወደ ሐኪሙ እንዳደረጉ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ። ተረከዛቸው ደፍ ያውቃል እንጂ የድንኳን ገመድ አያውቅም።

በጀርባቸው ተዘረሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ፣ መነሣትም አቃታቸው። ሐኪሙ ሮጦ መጥቶ በጐናቸው ገለበጣቸውና እጀ ጠባባቸውን ገለጠ። ጣቱን ከማጅራታቸው ጀምሮ ቁልቁል ሲያወርድ፣ የተጣመመው አጥንት ላይ ሲደርስ ቆመ። ሳቁም አብሮ ቆመ። እኔን ሳይሆን መሬቱን እያየ «ካዛ» አለ። ወደ ቤት ማለቱ ነው። ሁለተኛ ለድንጋይ እንዳይጠሩም በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ ተናገረ።

ሰዎቹ በቃሬዛ እንውሰድዎ ቢሏቸው እምቢ ብለው ትከሻዬን ተደግፈው ተነሡ። እስከ ቤት ድረስ ብዙ ጊዜ እየቆምን አረፍን። እኔ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ተመስገን እንኳ አላሉም። ሌላ ነገር እንዳሳሰባቸው ያስታውቃል። አጥራችን ጋ ስንደርስ እናቴን በሩ ላይ ቆማ አዩዋት። ትከሻዬን ጠበቅ አድርገው ያዙና በሹክሹክታ እንዲህ አሉኝ፦

«መሬቱ ነው የገለበጠኝ፤ እኔ አልሰጠሁትም። ለእናትሽ እንደዚያ ብለሽ ንገሪልኝ።»