በእቴቴ ሜትር የተለኩ ዋሽንቶች

ጋሼ የታላቅ እህቴ ባል ነው። በሆስፒታል የጥገና ሠራተኛ ሆኖ ሃያ ስምንት ዓመት የማይዘጋ በር ሲያዘጋ፣ የማይቆም ቧንቧ ሲያስቆም ኖሯል። ስለ አንተ ልጽፍ ነው ስለው፣ «በር የገጠመ ሰው ሁሉ ከተጻፈለት ወረቀት ያልቃል» አለኝ። ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን የምጽፈው ስለ በሮቹ ሳይሆን ስለ ዋሽንቶቹ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ጀምሬዋለሁና ልጨርሰው።

ሃያ ዓመቱ ላይ ለሥራ ፈተና ተጠርቶ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ከመንገድ ዳር ሻጭ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ ዋሽንት ገዛ። «እጄ ሲንቀጠቀጥ የሚይዘው ነገር ፈልጌ ነው» ይላል። ፈተናውን አለፈ። ከዚያ ወዲህ የቆርቆሮ ዋሽንት አይቶ ማለፍ አይችልም። የሚገዛ ሲያጣ ደግሞ ራሱ ይሠራ ጀመር፤ ከመጋረጃ ዘንግ፣ ከብስክሌት መንፊያ፣ ከጃንጥላ ዘንግ፣ ከተሰበረ ወንበር እግር።

ይህ ነገር ሲጀምር አርባ ሰባት ደርሰው ነበር። ከጓሮ በኩል ባለችው ትንሽ ክፍል በሁለት ግድግዳ ላይ፣ በሰሌዳ ላይ በምስማር ተደርድረው ነበር፤ እያንዳንዱ አንገቱ ላይ በክር የታሰረ ወረቀት አለው። አንዱ የጭነት መኪና ጎማ ስር ገብቶ የወጣ ነው፤ ጠፍጣፋ ቢሆንም ይጮኻል። ሌላው ቢነፉት ቢነፉት አይናገርም። ጋሼ «አማቴ» ይለዋል። አማቱ የእኔ አባት ስለሆኑ፣ እኔ ካለሁ ስሙን ሳይጠራ ያልፈዋል።

አንድ ጠባይ አለው፣ ከሆስፒታሉ አንዲት ብሎን እንኳ ቤቱ አያስገባም። «የሰው ብሎን የኔን ብሎኖች ያባልግብኛል» ይላል። መጋዝና ሞረዱን ገዝቷል፤ የብረት ማስመሪያ ግን የለውም። ስለዚህ የሚለካው በእቴቴ ሜትር ነው። እህቴ እቴቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቢጫ የጨርቅ ሜትሯ ሃያ ዓመት ከአንገቷ አልወረደም። ጋሼ አንድ ጥሩ ዋሽንት ከሰሌዳው ያወርድና በዚያ ሜትር ይለካዋል፤ በዚያው ሜትር አዲሱን ቧንቧ ለክቶ ይቆርጣል፣ ስድስት ቀዳዳ ይበሳል። እንዲህ ሲሠራ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ጠብ የመጣው በዚያችው በዋሽንቶቹ ክፍል ምክንያት ነው። የእቴቴ ደንበኞች ልብስ የሚለኩት ሳሎን ውስጥ፣ ሰው በሚወጣበትና በሚገባበት ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ቀሚሱን ገና በግማሽ አጥልቃ ሳለ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ሰተት ብሎ ገባ። ሴትዮዋ ዳግመኛ አልመጣችም።

«ክፍሏን ልቀቅልኝ» አለችው እቴቴ በዚያው ቀን።

«ዋሽንቶቹስ?»

«አልጋ ስር ይግቡ። አሁንስ ማን ይሰማቸዋል?»

«አንቺ ትሰሚያለሽ።»

«እኔማ የት ልሂድ።» ከዚያ የስፌት መኪናዋን አቆመችና፣ «ከዚህ ቤት ውጪ አንድ ሰው እንኳ የፈለጋቸው እንደሆነ ክፍሏ ያንተ ናት። ካልሆነ የኔ። ይኸው ወንድሜ ምስክር» አለች። ምስክር መሆን አልወድም፤ ቢሆንም አንገቴን ነቀነቅኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጡረተኞች ማኅበር ሰዎች መጡ። አሥረኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ነው፤ ዘጠኝ ሆነው ጋሼ በሚሠራላቸው ዋሽንት አንድ ዜማ መንፋት፣ አንዱ ደግሞ በአኮርዲዮን ማጀብ ፈልገዋል። አኮርዲዮኑን የሚጫወቱት ሰውዬ በሥራ ዘመናቸው የሕንፃ ንድፍ አንሺ ነበሩ፤ ሁሉም «ኢንጂነር» ይሏቸዋል። ከአኮርዲዮናቸው ጋር የሚስማማ ዋሽንት ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚሆኑ ከመጽሐፍ አግኝተው፣ በቀጭን እርሳስ ንድፍ አንስተው አምጥተዋል።

«ከዚህ ወረቀት ፀጉር ታህል እንዳትወጣ፣ ወንድሜ» አሉት።

«አልወጣም» አለ ጋሼ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ነው የተቀበለው። በዚያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ እያንጎራጎረ ሲዞር፣ እቴቴ እንኳ «ዋሽንቱ አንሶ አሁን ደግሞ አፍህ» ከማለት በቀር ምንም አላለችም።

ከሥራ መልስ እየተቀመጠ ዘጠኝ ሠራ፤ ለራሱም አንድ ጨመረ፣ አሥር። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ካርቶኑን እኔ ተሸክሜ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ሄድን። ዘጠኙ ሽማግሌዎች በሰልፍ ተቀምጠው ነፉ። እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ ግን አንድ ላይ ሲወጡ ልክ እንደ አንድ ሰው ነበሩ። ጋሼ ወደ ጣሪያው አየ። ደስ ሲለው ጣሪያ ነው የሚያየው።

ከዚያ ኢንጂነር አኮርዲዮናቸውን ዘረጉ።

በአንድ ቤት ሁለት ሬዲዮ የተከፈተ መሰለ። ከፊት የተቀመጡት ጡረታ የወጡ ፖስተኛ፣ «ኢንጂነር፣ ዕቃህ ብርድ መታው እንዴ?» አሉ።

«የኔ ዕቃ ጤነኛ ነው።»

«እኛ ዘጠኝ ነን፣ አንተ አንድ ነህ። በድምፅ ብልጫ ተሸንፈሃል።»

ሁሉም ሳቁ፤ ኢንጂነር ግን አልሳቁም። ከደረት ኪሳቸው የብረት ማስመሪያ አወጡ፣ አንዱን ዋሽንት ለኩ፣ ሁለተኛውን ለኩ። «ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ብዬ ነበር። ይሄ ሠላሳ አንድ ነው። ያም ሠላሳ አንድ ነው» አሉ። ጋሼ ወረቀቱን አውጥቶ አየ፤ ሠላሳ ይላል።  ዋሽንቶቹን አንድ በአንድ መልሶ በካርቶኑ ደረደራቸው።

ቤት እንደገባን ቀጥታ ወደ ክፍሏ ሄደና ሰሌዳውን ከግድግዳ ይፈታ ጀመር። እቴቴ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ብቅ አለች።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ቃሌን እየጠበቅኩ። ክፍሏ ያንቺ ናት።»

መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች። «አልወደዷቸውም?»

«ረዘሙ። ከሠላሳው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም እኩል።»

እቴቴ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር በጣቷ ዳሰሰች።  ከዚያ ሄዳ መሳቢያዋን ጎረጎረችና፣ «አሮጌው ሲያልቅ» ብላ ያስቀመጠችውን አዲስ ሜትር ከነማሸጊያው አመጣች። ማሸጊያውን ቀድዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ አሮጌውን ቢጫ ሜትር ከአንገቷ አውርዳ ከጎኑ አስተኛችው። የአሮጌው ሠላሳ ከአዲሱ ሠላሳ አንድ ጋር እኩል ቆመ።

መሳቅ ስትጀምር ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ሃያ ዓመት በሰው ወገብ ላይ ስጎትተው ለካ እኔው ነኝ ለጥጬ ያስረዘምኩት» አለች።

«ታዲያ ደንበኞችሽ እንዴት ልብስ ጠበበን ሰፋን አላሉም?» አልኳት እኔ።

«ሰዉንም ጨርቁንም የምለካው በዚሁ ነዋ። ሁለቱም አብረው ተሳሳቱ፣ ማንም አልጎደለበትም።» ወደ ባሏ ዞረች። «ያንተም ዋሽንቶች እስከዛሬ እንዲሁ ናቸው። የዛሬዎቹን ግን በሰው ቁጥር፣ በኔ ሜትር ለካሃቸው።»

ጋሼ ሁለቱን ሜትሮች ደጋግሞ አየ። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አለ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ።

«ጥፋቱ የሜትሬ ነው። በል ሰሌዳህን መልስ» አለችው።

«ውላችን ግን ሰው ከፈለጋቸው ነው። ገና አልፈለጓቸውም።»

በማግስቱ እቴቴ ራሷ ሁለቱን ሜትሮች ይዛ ኢንጂነር ቤት ሄደች። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ኢንጂነር አኮርዲዮናቸውን አንግተው፣ የብረት ማስመሪያቸውን ይዘው መጡ። «በውሰት ነው። እስከ በዓሉ» ብለው ለጋሼ ሰጡት። ጋሼ ለሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ከዋሽንቶቹ ከአናታቸውም ከእግራቸውም ጥቂት ጥቂት ቆርጦ፣ የታችኞቹን ቀዳዳዎች በሞረድ ያሰፋል፤ ኢንጂነር አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፤ እሱ ይነፋል።

«ትንሽ ይቀረዋል» ይላሉ ኢንጂነር።

«እንዲህስ?»

«አሁን አጎቱን መሰለ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ልጄ ነው።» ዘጠኙም እንዲህ ሆኑ።

በበዓሉ ዕለት እቴቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ፖስተኛው መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ሳቱ፤ ኋላ ራሳቸው ነገሩኝ እንጂ ሌላ ያወቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዜማው ሲያልቅ ኢንጂነር ተነስተው፣ «ዋሽንቶቹ አይመለሱም። እንደውም የሚስቶቻችን ቡድን ስድስት ይፈልጋል» አሉ። ጋሼ ጣሪያውን አየ። እቴቴ ጎኔን በክርኗ መታ አድርጋኝ፣ «ተሸነፍኩ» አለች፤ ፊቷ ግን የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም።

ክፍሏ የጋሼ ሆነች ማለት ነው። በሳምንቱ ስሄድ ግን የአንደኛው ግድግዳ ሰሌዳ ወርዷል፤ አርባ ሰባቱም በሌላኛው ግድግዳ ተጠጋግተዋል። መሃል ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ለእቴቴ ደንበኞች መስታወት አለ። ጋሼን ማንም አላዘዘውም። መጋረጃው የተሰቀለበት ዘንግ ዋሽንት ሊሆን ተቀምጦ የነበረው ነው።

እቴቴ አሮጌውን ሜትር አልጣለችውም። የደንበኞቿ ልክ በደብተሯ የተጻፈው በእሱ ስለሆነ አትችልም፤ አዲሱ የጋሼ ሆኗል። አሥረኛው ዋሽንት፣ ለራሱ የሠራው፣ ሳይቆረጥ ቀርቷል። አርባ ስምንተኛ ሆኖ ተሰቅሏል፤ ወረቀቱ ላይ «በባለቤቴ ሜትር» ተጽፏል። ከአኮርዲዮን ጋር አይሄድም። ደንበኛ ከሌለ ጋሼ አውርዶ ይነፋዋል፤ እቴቴም የስፌት መኪናዋን እየነዳች፣ «ልክ የሆነው እሱ ብቻ ነው» ትለዋለች።