ነፋስ ያጣው አውድማ

ከአዳማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የነፋስ ተርባይኖች ሲተከሉ የእኔ ሥራ ንድፉን መሳል ነበር። ኮምፒውተር ላይ መሳል ያስተማረኝ የለም፤ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት። አለቃዬ የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ናት። መንገዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ምን ሣር እንደሚተከል የምታቅደው እሷ ናት። እኔ መስመሩን አሰምራለሁ።

የመጀመሪያው የመንገድ መስመር የአንድ አዛውንት ገበሬ አውድማ ላይ ያልፍ ነበር። ለተርባይን የሚመች ነፋስ ጤፍ ለማዝራትም ይመቻል።

"ሌላ አውድማ የለኝም" አሉን።

አለቃዬ ከመሐንዲሶቹ ጋር ስትከራከር ከርማ መንገዱን ወደ ላይ አስዞረችው። የአውድማውን ጠርዝ ራሴ ዞሬ ለካሁት። አንድ ክንድ እንኳ አልተነካም።

መንገዱ ሲያልቅ ሣር ልንተክል ሄድን። መንገዱን ከፍ ለማድረግ የተደፋው አፈር ከአውድማው በስተምሥራቅ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ እንደ ግድግዳ ቆሟል። አዛውንቱ እፍኝ ገለባ አንስተው ወደ ላይ በተኑት። እዚያው እግራቸው ላይ ወደቀ።

"ቦታውን ተዋችሁልኝ፤ ነፋሱን ወሰዳችሁት" አሉ። አልተቆጡም።

አለቃዬ አፈሩ ዝቅ እንዲል ልትጠይቅ ለሥራ ተቋራጩ ደወለች። ማሽኖቹ ወደ ሌላ ሳይት ሄደዋል፣ አይመለሱም አላት። ስልኩን ኪሷ ከትታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሣሩን ሳንተክል ተመለስን። ያን ቀን ማታ ኮምፒውተሬን ለመክፈት እንኳ አቅም አጣሁ።

በውቂያ ጊዜ ስንመለስ አዛውንቱ አውድማቸው ላይ የሉም። ከመንገዱ በላይ፣ ተርባይኑ ሥር፣ ክሬን እንዲቆምበት የተደለደለውን የጠጠር ሜዳ በእበት ለቅልቀው በሬዎቻቸውን ያዞሩበታል። የተርባይኑ ጥበቃ ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ ቆሟል።

"እኔ ምንም አላየሁም፤ ሽታው ግን ደርሶኛል" አለን።

"አባባ፣ ለጥገና ክሬን ሲመጣ እኮ ልቅልቁን ይሰባብረዋል" አልኳቸው።

"ይምጣ። እስከዚያ ጤፌን አስገባለሁ። ይልቅ፣ ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ መንሹን አቀብለኝ።"

አቀበልኳቸው። ገለባው ተነሳ፤ በመንገዱ ላይ አልፎ ቁልቁል ወረደና እኛ ባተረፍነው አውድማ ላይ አረፈ።