በረዶ ሆኖ የዋለው ጥጥ

ፍራሽ አዳሹ ከሥራ ሲወጣ ቅንድቡ ነጭ ነው። ቀኑን ሙሉ የነደፈው የጥጥ ብናኝ ሽፋሽፍቱ፣ ጢሙና የኮቱ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ወደ ቤቱ ሲያዘግም ያየው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ጣል ሳያደርግበት አያልፍም። ከጎኑ ያለው ልብስ ሰፊ፣ «ዛሬም ሸምግለህ ወጣህ?» ይለዋል። እሱ ግን በዚህ ቀልድ ተቀይሞ አያውቅም። በዚያች ሰዓት ራሱን የሚያየው እንደ ፍራሽ አዳሽ ሳይሆን፣ የኮቱን ኮሌታ ወደ ላይ ቀልብሶ በበረዶ መካከል ብቻውን እንደሚራመድ ሸሪፍ ነበርና።

የካውቦይ ፊልም ፍቅር የያዘው በወጣትነቱ፣ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሆኖም አሸዋና ፀሐይ ያለበት፣ ጥይት እንደ ቆሎ የሚረግፍበት ለሌላው ይሁን፤ እሱ የሚወደው ምድሩ ሁሉ በረዶ የለበሰበትን ብቻ ነው። በዚያ ፊልም የፈረስ ኮቴ አይሰማም፤ ሰው ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል፤ ክፉም ሆነ ደግ፣ የሄደበት ሁሉ ከኋላው ተጽፎ ይቀራል። ማንም ዱካውን መደበቅ አይችልም። የሚደብቀው ነገር ያልነበረው ሰው ስለሆነ፣ ይህ ነገር ከሁሉ በላይ ደስ ይለው ነበር።

በሥራውም ስም ነበረው። የዚህ ሙያ ፈተና ያለው ጥጡ ላይ ነው። ደንበኛው የጓጎለ ፍራሹን ጥሎ ይሄዳል፤ አዳሹ ይተረትረዋል፣ ጥጡን አውጥቶ በደጋን እየነደፈ ያፍታታዋል፣ መልሶ ሞልቶ ይሰፋዋል። በዚህ መሀል ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ቢያነሳ ማን ያውቅበታል? ከሰው ፍራሽ በለቃቀመው ጥጥ ሌላ ፍራሽ ሠርቶ የሚሸጥ አዳሽ ሞልቷል። እሱ ግን የአንዱን ጥጥ ከሌላው ቀላቅሎ አያውቅም። የየአንዳንዱን ደንበኛ በየራሱ ሸራ ላይ ለይቶ ይዘረጋል፤ ወለሉ ላይ የቀረውን እንኳ ጠርጎ ከባለቤቱ ፍራሽ ውስጥ ይከታል።

የሰፈሩ አዋላጅም ፍራሻቸውን ያመጡለት ይህንኑ ብለው ነው። የሰፈሩ ልጆች እኩሌታ የተወለዱት በእሳቸው እጅ ነው፤ የፍራሽ አዳሹም ልጆች ጭምር። ፍራሹን የሰጧቸው ጡረታ በወጡ ጊዜ የማዋለጃ ክፍሉ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጥጡም ምርጥ ነበር። «ጓጉሎብኛል፤ አንተ እጅ ከገባ ግን አላስብም» አሉት። እስኪደርስ ልጃቸው ቤት ሶፋ ላይ እንደሚተኙና እንዳይቸኩል ነግረውት ሄዱ።

በዚያው ሳምንት የሚስቱ ወንድም ከች አለ። ይህ ሰው የሠርግና የልደት ካሜራማን ሲሆን፣ አንድ ቀን እውነተኛ ፊልም እሠራለሁ ሲል የዘመዱን ጆሮ ያደነቆረ ነው። አሁን ቆርጦ ተነሥቶ የካውቦይ ፊልም ጀምሯል። ከከተማው ጀርባ ያለውን የድንጋይ ካባ መርጧል፤ ከጋሪ ነጂ ፈረስ ተውሷል፤ ኮፍያዎቹን ልብስ ሰፊው ሠርቶለታል። የጎደለው በረዶ ብቻ ነው። ያለ በረዶ ሲቀርጹት፣ እሱ ራሱ እንዳለው፣ ድንጋይ ፈላጮች መሰሉ እንጂ ካውቦይ አልመሰሉም። ጨው ሞክረው አላዋጣም፤ የሳሙና አረፋውንም ነፋስ ወሰደው። ይህን እያወራ ሳለ ዓይኑ ሸራው ላይ እንደ ኮረብታ በተቆለለው የአዋላጇ ጥጥ ላይ አረፈ።

«ይኸው!» አለ።

«የሰው ነው» አለ ፍራሽ አዳሹ።

«ለአንድ ቀን እኮ ነው ጋሼ። ዘርግተን፣ ቀርጸን፣ ሰብስበን እንመልሳለን። አንተ መልሰህ ትነድፈዋለህ፤ ሥራህ አይደል?»

እምቢ አለ። በማግስቱም እምቢ አለ፤ ነገር ግን የማግስቱ እምቢታ እንደ መጀመሪያው የጠነከረ አልነበረም። ካሜራማኑም ይህን ልብ ብሏል። ሊወጣ በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ የሸሪፉን ቦታ ለማን እንደሚሰጥ ገና እንዳልወሰነ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ተናገረ። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ ፍራሽ አዳሹ ጥጡን ሰጠ።

ጠዋት ላይ ሁሉም ነገር አማረ። ጥጡ ካሜራው የሚያየውን የካባ ጥግ ሸፍኖት፣ ድንጋዩ ጠፍቶ፣ ዓለም ነጭ ሆነች። ፍራሽ አዳሹ ኮሌታውን ቀልብሶ፣ እግሩን እያነሣ እየጣለ በመካከሏ አለፈ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረችው፤ «ዱካህ እዚህ ድረስ አመጣኝ» የምትል። ስትወጣ ድምፁ የእሱ አልመሰለም። በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ቀና ብሎ የቆመበት ጊዜ ትዝ አይለውም።

ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። ጥጡ ከእሾህ ጋር ተያያዘ፤ ከፊሉ ገደል ገባ። የጋሪው ፈረስ፣ የሸሪፍ ፈረስ መሆኑን የነገረው የለምና፣ መሀል ላይ ቆሞ እንደ ልቡ ሸና። በመጨረሻም ወንበዴው ሲሞት፣ ደም በበረዶ ላይ ካልታየ ፊልም አይባልም ተብሎ፣ ባለው ንጹሕ ጥጥ ላይ ቀይ ቀለም ተደፋበት። በጆንያ ሰብስበው የመለሱት ከጠጠር፣ ከገለባና ከፋንድያ ጋር የተለወሰ ነገር ነበር። ጥቂት ንጹሕ አግኝቶ ለይቶ አስቀመጠ፤ የቀረውን አጠበው፤ ሲደርቅ ግን ደጋን የማይፈታው ድንጋይ ሆነበት።

ያን ጊዜ ሄዶ መናገር ይችል ነበር። የአዋላጇ ቤት ቅርብ ነው፤ የራቀው አፉን የሚከፍትበት ድፍረት ነው። በዚህ ፈንታ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዶ፣ ለትራስ ነው ብሎ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለመነ። ፍራሹን በጨርቅ ሞላውና፣ ያቺን የተረፈች ንጹሕ ጥጥ ከላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ አነጠፋት። ደንበኛ ፍራሹን ሲረከብ መዳፉን የሚያሳርፈው እዚያ ነው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ሲያየው የኖረው ነውና፣ ቦታውን ለይቶ ያውቀዋል።

አዋላጇ መጡ፤ አልነኩትም። መዳፋቸውን ሳያሳርፉ፣ እንዲያው በዓይናቸው እንኳ በቅጡ ሳይመረምሩ፣ መርቀውት አስጭነው ሄዱ። እሱም ያቺን ከላይ ያነጠፋትን ጥጥ እያሰበ፣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ፊልሙ በቪዲዮ ቤቱ ሲታይ ሰው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ሸሪፉ ብቅ ሲል ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። ፍራሽ አዳሹ ግን ራሱን አላየም፤ ያየው ጥጥ ነው፤ ከጫማው ሥር የሚዳጠውን እያንዳንዱን ብጥስጣሽ። አዋላጇ ከፊት ተቀምጠው፣ ፈረሱ ሲሸና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሲወጡም ኮቱ እንዳማረበት ነግረውት፣ በረዶውን ከየት እንዳመጡት ጠየቁት። ካሜራማኑ ቀደመና «የሙያ ምስጢር ነው እማማ» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ያቺ ሳቁ ናት ያላስተኛችው። ሰፈሩ ሸሪፍ ብሎ ሲጠራው ስድብ የሰማ ያህል ጆሮው ይግላል፤ ቀና ብሎ አቤት የሚልበት ፊት አጣ።

ከጊዜ በኋላ አዋላጇ የእህታቸውን ልጅ አስከትለው ሱቁ ድረስ መጡ። ልጅቷ አዲስ ቤት ልትገባ ነው፤ ጥጧን በጆንያ ይዛለች። እሳቸውም «ከአንተ ሌላ ለማንም አትሰጪም ብያት ነው» አሉ። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ ሳይነሣ፣ የእሳቸው ፍራሽ እንዴት እንደሆነላቸው ጠየቃቸው።

«ፍራሹማ ምን ይሆናል?» አሉ። «ያረጀው የኔ ጎን ነው እንጂ። ይቆረቁረኛል። አጥንት ሲደክም ጥጡም ድንጋይ ይሆንበታል መሰለኝ።»

ይህን ብለው አጎንብሰው ፈገግ አሉ፤ በማማረራቸው ያፈሩ ይመስሉ ነበር። ፍራሽ አዳሹ ሁሉንም ይችል ይሆናል፤ በእሱ ፈንታ እሳቸው ሲያፍሩ ማየትን ግን አልቻለም።

«እማማ፣ ጎንዎ አላረጀም» አለ። «ፍራሽዎ ውስጥ ያለው ጨርቅ ነው። ጥጥዎ በረዶው ነበር።»

የልብስ ሰፊው መኪና ቆመ። አዋላጇ ወደ ፍራሽ አዳሹ ዞሩ።

«ፈረሱ የሸናበት?»

«አዎ።»

«እኔ ያን ያህል የሳቅሁበት?»

ቢጮሁበት፣ ቢሰድቡት በወደደ፤ እሳቸው ግን ከጥግ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ልጅቷ ግራ ተጋብታ ጆንያዋን ልታነሣ ብትል በእጃቸው መለሷት።

«ሥራ» አሉት። «እያየሁህ ትሠራለህ።»

ሸራውን ዘርግቶ ነደፈ። በዚህ ሙያ ሲኖር እጁን ማንም ቆሞ ጠብቆበት አያውቅም። ደጋኑ ከበደው፤ ከልምድ ብዛት ሳያስበው የሚሠራው ሁሉ ጠፍቶበት፣ እንደ ጀማሪ ጣቱን አየ። አላፊ አግዳሚው «ሸሪፍ!» እያለ ሰላምታ ሲያቀብለው ራሱን ቀና አላደረገም። አዋላጇ ዓይናቸውን ከእጁ ሳይነቅሉ ዋሉ። ፍራሹ ተሰፍቶ ሲያልቅ ለልጅቷ ጥጧ በሙሉ መግባቱን ነገሯት፤ ከዚያም ወደ እሱ ዞረው የእሳቸውስ እንዴት እንደሚሆን ጠየቁት። ነገ ከቤቱ ፍራሽ አውጥቶ በራሱ ጥጥ እንደሚሞላላቸው ነገራቸው።

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ደግሞ በእሷ ጥጥ ልትሞላልኝ ነዋ» አሉ። በርጩማውን ወደ ጥጉ መለሱና ወጡ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ልብስ እያጠፈች አገኛት። ሳይቀመጥ፣ ከጥጡ ጀምሮ እስከ ጨርቁ፣ ለአዋላጇም በቤታቸው ጥጥ ሊሞላላቸው ቃል እስከ መግባቱ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እሷም እጇን ሳታቆም አዳመጠችው፤ ነገሩ ፍራሹን በጨርቅ ወደ መሙላቱ ሲደርስ ግን የያዘችው ሸሚዝ ጭኗ ላይ ቀረ።

«ወንድሜ ያውቅ ነበር?»

አፉ ላይ የመጣለትን ማመካኛ ዋጠው። «በረዶ ማድረጋችንን ያውቃል። ጨርቁን የሞላሁት ግን እኔ ብቻዬን ነኝ።»

ተነሥታ አንሶላውን ገፈፈች፤ ከመሳቢያው ሁለት መቀስ አወጣችና አንዱን አልጋው ላይ አኖረችለት፤ እጁ ላይ አልሰጠችውም። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው የፍራሹን ስፌት ከራስጌ በኩል መተርተር ጀመረች። እሱም ከግርጌ ጀመረ። ስፌቱ እያጠረ ሄዶ እጃቸው ሊገናኝ ሲቃረብ፣ እሷ እጇን ሰብስባ የቀረውን ለእሱ ተወችለት።