ለዘመድ የተገዛው ስክሪን

አብዱልባሲጥ የሰርግ ፊልም አቀናባሪ ነው። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር፣ በአባቱ ቤት ጓዳ ውስጥ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ወንበር ይዞ ስንቱን ሙሽራ አጋብቷል። ወንበሩን አንድ ያደረገው እንግዳ እንዳይቀመጥ ብሎ ነበር። የሙሽራ ዘመድ ግን መቼ ወንበር ይጠብቃል? ቆሞም ያዛል።

ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ የሙሽሪት ወገን ልዑካን ቡድን አቋቁሞ ከአቀናባሪው ጀርባ ይሰፍራል። «እኔን ትንሽ አቆየኝ።» «ያቺን ማን ጠራት? አውጣልን።» «ኧረ ቀሚሴን ከታች አሳየው!» ማዕከላዊ ኮሚቴ እንኳ እንዲህ አጀንዳ አያበዛም። በዚህ የተነሳ ምስኪኑ ሰው አንድም ፊልም ራሱ እንደወደደው ጨርሶ አያውቅም። ከእጁ የወጡት ሁሉ ግማሽ ቀን የሚፈጁ፣ ሙሽራው ራሱ ተኝቶ የሚነቃባቸው ናቸው።

የ2004 ዓ.ም. የጥር ሰርግ ሲያልፍ ግን የትነበርሽ የምትባል ሙሽራ ብቻዋን መጥታ፣ «አደራህን፣ አጠር ያለች ሸጋ ፊልም አድርግልኝ» አለችው። አብዱልባሲጥ ይህቺን አንዲት ፊልም ያለ ጣልቃ ገብነት ሊጨርሳት ማለ። ስልትም ነደፈ፤ ሁለተኛ ስክሪን። ዘመድ በራሱ ስክሪን ያልተቆረጠውን ቀረጻ እያየ ይደሰታል፤ እርሱ በራሱ ስክሪን እየቆረጠ ነጻ ይወጣል። ጭቁኑ አቀናባሪ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ነው እንግዲህ።

አዘዞ ካለ አንድ የተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ሆደ ሰፊ የድሮ ስክሪን ገዝቶ በባጃጅ አመጣ። ታላቅ እኅቱ ዐዚዛ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ምድጃ?»

«ስክሪን ነው፣ እታለም።»

«ያለህስ ምን ሆነ?»

«ያለኝ ለኔ። ይሄ ለዘመድ።»

«ለሰው ዘመድ ስክሪን ትገዛለህ፣ ለእናትህ ልጅ ቴሌቪዥን አጥተህ!»

ኮምፒውተሩ ከኋላው ያለው የስክሪን መሰኪያ አንድ ብቻ ነው። ፒያሳ ያለ ነጋዴ አንድ ራስና ሁለት አፍ ያለው ገመድ ሸጠለት። «ሁለት አፍ አለው፤ ሁለት ስክሪን ይሰካል። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለህ?» አለው። አነጋገሩ የካድሬ ነው፤ መልሱ አጭር፣ ጥያቄው ወንጀል።

አብዱልባሲጥ አዲሱን ስክሪን ፊቱን ለዘመድ ብሎ ከበረንዳ ወዳስገባው አግዳሚ ወንበር፣ ጀርባውን ወደ ራሱ አዙሮ ሰካው። ልዑካኑ ደረሱ። መሪዋ የሙሽሪት አክስት እትዬ ሐረገወይን ናት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተደላደለች። ከጎኗ ከደንቢያ፣ ከኮላ ድባ የመጡት አጎት አያ ክንዱ ተቀመጡ።

ቀረጻውን ከፈተላቸው። «ይታያል?»

«ይታያል፣ ይታያል!»

ታየ ካሉ ታየ። በራሱ ስክሪን ላይ መቁረጫውን አወጣ። መጀመሪያ የሚሄደውን ከወዲሁ ያውቀዋል፤ የአያ ክንዱ እስክስታ። አያ ክንዱ አንዴ ትከሻቸው ከተነሳ የወፍጮ ሞተር ናቸው፤ የሚያጠፋቸው አይገኝም። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ እንኳ መሀል ገብተው ነበር። መረጣቸው። ሰረዛቸው።

ከስክሪኑ ወዲያ አግዳሚው ሲጢጥ አለ።

«ምነው?» አሉ አያ ክንዱ። «የት ሄድሁ?»

አብዱልባሲጥ አንገቱን አስግጎ የእነርሱን ስክሪን አየ።

«አሁን እዚህ ነበርሁ እኮ! ትከሻዬን ሳላወርድ ጠፋሁ።»

«ቆረጠዎት!» ጮኸች እትዬ ሐረገወይን። «ዓይናችን እያየ! አንተ፣ ከደንቢያ ድረስ መጥቶ የጨፈረ ሰው እንደ ሽንኩርት ይከተፋል?»

«መብራት ነው፣ እትዬ።»

በጎንደር መብራት ያልተሸከመው ኃጢአት የለም። ያን ጊዜ ግን ሁለቱም ስክሪኖች ፏ ብለው በርተው ነበር። የሰረዛቸውን አያ ክንዱን ወደ ሰርጉ ዳስ መለሳቸው፤ ልዑካኑም እያጉረመረሙ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ስቃይ ነው። ነቀለ፣ ሰካ። አጠፋ፣ አበራ። ሴቲንግ ውስጥ ቢገባ ኮምፒውተሩ ሁለተኛ ስክሪን መኖሩን ጭራሽ አልሰማም። ስክሪኑን በጥፊ መታው፤ መዳፉ ቀላ። ገመዱ አንዱን ምስል ለሁለት የሚያካፍል እንጂ ሁለት ምስል የሚወልድ አለመሆኑን የተረዳው ከብዙ እርግማን በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገጠም፣ ሁለት የስክሪን መሰኪያ ያለው ካርድ ፈልጎ ገዛ። ካርዱ በሳጥኑ ውስጥ አልገባ ብሎ ብረቱን በፒንሳ አጣመመለት። ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም ያለበት ሲዲ ተጭሮ አልነበብ አለ፤ ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት ሲያወርድ፣ ሊያልቅ ሲል እየተቋረጠ እንደገና ያስጀምረው ነበር።

በመጨረሻ ሁለቱ ስክሪኖች ሁለት ነገር አሳዩ። አብዱልባሲጥ እልል ሊል ሲል የማውሱ ቀስት ጠፋች። የዘመዱ ስክሪን በግራው ተቀምጧል፤ ቀስቷ ግን ወደ ግራ ስትገፋ ትጋጫለች፣ ወደ ቀኝ ስትገፋ ሾልካ ሄዳ በግራው ስክሪን ትወጣለች።

«ወደ ቀኝ ገፍቼ በግራ!» አለ ለእኅቱ።

«ያገርህን ፖለቲካ ለምዳ ይሆናል» አለችው ዐዚዛ።

ሴቲንግ ውስጥ የስክሪኖቹ አቀማመጥ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ኖሮ፣ ስክሪን ቁጥር ሁለትን ወደ ግራ ጎትቶ አስተካከለው።

ልዑካኑ ተመልሰው መጡ። የሰርጉን ቀን ከጠዋት ጀምረው አዩት። ሳቁ፣ ተሰዳደቡ፣ አለቀሱ፤ አያ ክንዱ ራሳቸውን እያዩ እስክስታውን አግዳሚው ላይ ደገሙት። ወደ አብዱልባሲጥ ዞሮ ያየ የለም። እርሱም በሰላም ቆረጠ። አጭር፣ ንጹሕ፣ አያ ክንዱ የሌሉባት ፊልም ወጣች። በሕይወቱ የመጀመሪያዋ!

በማስረከቢያው ቀን የትነበርሽ ከአክስቷ ጋር መጣች። ዲስኩን ዘረጋላቸው።

«እሱ ምንድን ነው?» አለች እትዬ ሐረገወይን።

«ፊልሙ።»

«ፊልሙንማ አይተነዋል። ያንን በዚያኛው ስክሪን ያየነውን ስጠን። ምን ይጨመርበታል፣ ምን ይቀነስበታል?» የሆደ ሰፊውን ስክሪን ጀርባ መታ መታ አደረገችው። «ይሄኛው ካንተ ይሻላል፤ ሰው አይቆርጥም።»

አብዱልባሲጥ ሙሽሪትን አያት። የትነበርሽ መሬት መሬት አየች። «እንግዲህ... አክስቴ እንዳለች ይሁን» አለች። ጥሬውን ቀረጻ ገልብጦላቸው ወሰዱት።

አጭሯን ፊልም የሚያይለት ዐዚዛ ብቻ ቀረች። አስቀምጦ አሳያት። ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው አየች።

«ሸጋ ናት» አለች። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ደግሞ፣ «እኒያ ሽማግሌስ? ኬኩ ላይ ይጨፍሩ ነበር ያልኸኝ?»

የዘመዱን ስክሪን ፊቱን ወደ ራሱ አዞረው። ማውሱን ወደ ግራ ገፍቶ ከዘመዱ ስክሪን ላይ አያ ክንዱን አገኛቸው፤ ከነትከሻቸው እየጎተተ ወደ ራሱ ስክሪን አመጣቸው።