የጋሽ ታደለ ላንድሮቨርና የመሳቢያው ቁልፍ

የአቦቦው መካኒክ ጋሽ ታደለ ባለፈው ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በትራክተር ተጎታች ላይ እንደተኙ ዐርፈዋል። ቅዳሜ ቀበርናቸው። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ፣ በተለይም ለቀብሩ ላልደረሳችሁ የምጽፈው በጤና ጣቢያው የምሠራው ነርስ ነኝ። ከወዲሁ ልናገር፤ ጽሑፌ የተረጋጋ አይሆንም። በቀብሩ ላይ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የተላከ የሐዘን መግለጫ ተነቧል። «የመንግሥትን ንብረት በመንከባከብ አርአያ ነበሩ» ይላል። ያነበበው ሰው ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

ጋሽ ታደለ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬ ነበሩ። ሙያውን የተማሩት እዚሁ፣ እርሻ ጣቢያው ውስጥ ትራክተር ሥር ተኝተው ነው። ክልሉ ሲቋቋም አሮጌው ቢሮ ተዘጋ፣ አዲሱ ተከፈተ፤ በንጉሡ ዘመን የተገዛው የጤና ጣቢያችን ላንድሮቨር ግን ጎማው ተንፍሶ ማንጎ ዛፍ ሥር እንደቆመ ቀረ። ዶሮ እንቁላል ይጥልበት ነበር። ያኔ ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ጋምቤላ የምትሄደው በቃሬዛ ነው፤ መንገድ ላይ የቀሩትን አልረሳኋቸውም። አንድ ቀን ጋሽ ታደለ መጡና ሞተሩን ቤታቸው ወስደው ሊሠሩት ጠየቁ። ኃላፊያችን በደስታ ፈቀደ።

ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ በሰንሰለት ስበው አወጡት፤ በጋሪ ግቢያቸው አስገቡት። ጎረቤታቸው አሪየት ትልቅ ሰሌን አዋሰቻቸው። እሳቸው የፈቱትን ሁሉ በተፈታበት ተራ እሰሌኑ ላይ ይደረድራሉ። የመጀመሪያው ፒስተን ከነዘንጉና ከነብሎኑ አንድ ነጥብ ይመታበታል፣ ሁለተኛው ሁለት፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። ሰሌኑን የረገጠ ሰው ጉድ ፈላበት። ለምን እንደሚጨነቁ ስጠይቃቸው «አብሮ ያረጀ አይለያይም» አሉኝ።

የንብረት ቆጠራ ኮሚቴው የመጣው ሁሉም ነገር ሰሌኑ ላይ ተደርድሮ ሳለ ነው። እኔም እዚያው ነበርኩ። ቅጹ ላይ «ሞተር» የሚል መስመር አለ፤ መሬት ላይ የተዘረጋው ግን ለነሱ ሞተር አልመስል አላቸው። ሦስቱ ተመካከሩ። ከዚያ ብሎኑንም፣ ፒስተኑንም፣ ቀለበቱንም አፍሰው ጆንያ ውስጥ ከተቱት፤ «ሞተር፣ ሁለት ጆንያ» ብለው መዘገቡና ጭነው ሄዱ። የስንት ሳምንት ልፋት ውሃ በላው። እኔ ስጮህ ጋሽ ታደለ አልጮሁም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ልጆቼ፣ በሬ ስትቆጥሩም እያረዳችሁ ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

ጆንያዎቹን ለማስመለስ ያልረገጡት ደጅ አልነበረም። የበጋው እኩሌታ በዚሁ ሄደ። ሲመለሱላቸው እንደገና ሰሌኑን ዘረጉ፤ ነጥቡን በጥፍራቸው እየዳበሱ እያንዳንዱን ከጓደኛው ጋር አገናኙ። በግጭት የተጫረውን በአሸዋ ወረቀት አለሰለሱ። የጎደለውን ቀለበት የጭነት መኪና ሾፌሮችን ለምነው አስመጡ። ሞተሩ መኪናው ላይ ተመልሶ የተነሳው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው፤ በዚያው ሳምንት አሪየትን ምጥ ያዛት። ጋሽ ታደለ ራሳቸው ነድተው ጋምቤላ አደረሷት፤ ሴት ልጅ ወለደች።

ሲመለሱ የጤና ጣቢያው በር መቃን ላይ አንድ ትልቅ ምስማር መቱና የመኪናውን ቁልፍ ሰቀሉበት። መንዳት የሚችል ሰው አንስቶ በሽተኛውን ያደርሳል፣ መልሶ ይሰቅላል። ይሰረቃል ብዬ ስከራከራቸው «ሲስተር፣ የታመመ ሰው ቁልፍ አይለምንም» አሉኝ። አንድም ቀን አልጠፋም።

ሲበላሽ ማንም ያላየው መኪና ሲነሳ ባለቤቱ በዛ። ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ፦ ተሽከርካሪው መጋዘን ይግባ፣ ያለ ፊርማ አይንቀሳቀስ። ቁልፉን ከምስማሩ አውርጄ ፈርሜ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ይህን ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴ ልናገር። ጋሽ ታደለ ባዶውን ምስማር አይተው አልወቀሱኝም። «አትንቀይው» ብቻ ነው ያሉኝ።

ሰሞኑን ይዟቸው የነበረው ወባ ዓርብ ጠዋት ወደ ጭንቅላታቸው ወጥቶ ራሳቸውን ሳቱ። በእጄ ያለውን መድኃኒት ሰጠሁ፤ የሚያስፈልጋቸው ግን ሆስፒታል ነበር። ላንድሮቨሩ ከእኛ ደጅ የሚታይ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። የመጋዘኑም የመኪናውም ቁልፍ በጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ባለቤት ጋምቤላ ስብሰባ ላይ ነው። ዘበኛው ያለ ትእዛዝ ቢሮውን አልከፍትም አለ። አሪየት ልጇን አዝላ ፊቱ ቆመች፦ «ይሄን መኪና እሱ ነው የሠራው። እሱ እየሞተ አንተ ወረቀት ትጠብቃለህ?» ዘበኛው አለቀሰ፤ አልከፈተም። በእሱ አልፈርድም፤ የልጆቹ እንጀራ ነው።

እኔስ? ተቀምጬ ማመልከቻ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ ተሽከርካሪ ስለመጠየቅ» ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት። ምክትሉን ፍለጋ ከቤት ቤት ዞርኩ። እኩለ ቀን ሲሆን ትራክተር ተገኘ፤ ጋምቤላ ሳንደርስ እጄ ላይ አለፉ። አርአያ ነበሩ የምትሉ ሰዎች፣ የገደላቸው ወባ ብቻ አይደለም። የእናንተ መሳቢያና የእኔ ማመልከቻ ተባብረው ነው።

ጋሼ፣ እንግዲህ ከእርስዎ ጋር ልጨርስ። ዓርብ ማድረግ የነበረብኝን ሰኞ አደረግሁት። ባለቤትዎን መዶሻዎን ለምኜ መሳቢያውን ሰበርኩ፤ መኪናውን ከመጋዘን አስወጣሁ። ዘበኛው ዞር ብሎ ቆመልኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ማክሰኞ ደረሰኝ፤ ክሱም ይከተላል ብለውኛል፤ ይከተል። ትናንት አንዲት ወላድ ደም ሲፈሳት ባሏ ማንንም ሳይጠይቅ ቁልፉን አንስቶ ነዳ፤ በሕይወት ደርሳለች። ሞተርዎ በአንድ ምት ነው የተነሳው። በሰላም ይረፉ ጋሼ። ምስማሩን አልነቀልኩትም፤ ቁልፉም ተመልሶ ተሰቅሏል።